የእምቧጮ በር ቅጥል ሰደፍ

እምቧጮ በር በሚባለው አገር የጠመንጃ ሰደፍ፣ ያ ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨቱ ማለቴ ነው፣ ከአንድ ግንድ ብቻ አይጠረብም። ወይራው መሐል የዋንዛ ቁራጭ ይገባበታል፤ እንደ ቀለበት ነጣ ብሎ ይታያል። እንግዳ ሰው «ተሰብሮ ነው?» ይላል። የምን መሰበር! ነገሩ የመጣው፣ አሮጊቶቹ እንደሚሉት፣ ከአንዲት እናት ነው።

እንጉዳይ ትባል ነበር አሉ። ባሏ በድንበር ጠብ ተገደለባትና አንድ ልጇን አለኸኝን ታቅፋ ቀረች፤ ከልጁ ሌላ የተረፋት ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የባሏ ጠመንጃ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን ያገሩ ሕግ እንዲህ ነበር ይባላል፤ ልጅ ያለው ሰው ደሙን የሚመልስለት ልጁ እንጂ ወንድሙ አይደለም፤ ልጁም ቢሆን ያባቱን ሰደፍ ክርኑ እጥፋት ላይ አስደግፎ ጣቱ ምላጩን ካልነካ ለደም አልደረሰም። ያልደረሰ አይገድልም፣ አይገደልምም። የደረሰ ለት ግን ሁለቱም ተፈቀደ ማለት ነው። እሷ የምትፈራው ያንን ቀን ነበር፣ ልጆቼ።

የልጁ አጎት አያ ፈንታ ከወንዝ ማዶ ይኖር ነበርና በየጥምቀቱ እየተሻገረ ሽማግሎችና የገዳይ ወገን አባት ባሉበት ልጁን ይለካል። መጀመሪያ የለካው ለት የልጁ ጣት ከምላጩ ሩቅ ሆነበት። «አንቺ፣ ይኼን ልጅ ስንጠብቅ አርጅተን ልንሞት ነው! ሰደፉን ወስደሽ አስቆርጪው። ሕጉ ጠመንጃው አይጠር አላለ» አላት።

«እሺ አያ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ጠመንጃውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጠራቢው አባ ይርዳው ዘንድ ሄደች። እሳቸው መጋዛቸውን አንሥተው «የቱ ጋ ልቁረጥልሽ?» ቢሏት እንባዋ ቀደማት ይባላል።

«አይቁረጡብኝ አባ። ይቀጥሉልኝ።»

ሽማግሌው ሰደፉን ሲዳብሱ ቆዩና፣ «መቼም ሕጉ አይቀጠልም አላለ» አሉ። «ፈንታን ደግሞ ‹አባ ይርዳው የተቆረጠ ሰደፍ የተኳሹን አገጭ ይሰብራል ብለዋል› በይው። ውሸትም አይደል።»

ከጓሯቸው ከወደቀው ዋንዛ አንድ ጣት የምታህል ቆርጠው ወይራው መሐል አስገቡ፤ በሙጫ አጣብቀው፣ መልኩ እንዳይለይ በጥላሸትና በቅቤ አሹት።

ከዚያ ወዲህ ልጁም አደገ፣ ሰደፉም አብሮት አደገ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ አያ ፈንታም መሻገር ሲያቅተው፣ እንጉዳይ ጠመንጃውን ይዛ አባ ይርዳው ዘንድ ብቅ ትላለች። በጥምቀት አጎት ይመጣና ይለካል፤ ጣቱ አይደርስም።

«ምን ጉድ ነው? የዚህ ልጅ እጅ በማን ወጣ?»

«በኔ ነው አያ። እኛ ቤት እጀ አጭር ነን።»

«ቁመቱስ?»

«ቁመቱማ በናንተ።»

አለኸኝ ጢሙ አቆጠቆጠ፣ ጠመንጃውም ሞፈር አከለ። «እንጉዳይ፣ በሬ ጠምደሽ እረሽበት እንጂ!» እያሉ ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር አሉ።

አንድ ጥምቀት አያ ፈንታ ሰደፉን በጋቢው ጠረግ ቢያደርገው ጥላሸቱ ለቀቀና ዋንዛው፣ አንዱ ከአንዱ ጎን ተደርድሮ፣ ነጭ ሆኖ ታየ። «ማነው ይኼን የሠራ?» ብሎ ጮኸ። ከሽማግሎቹ ጋር የተቀመጡት አባ ይርዳው ሊነሡ ሲሉ እሷ ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ ያስቀጠልኩት።»

«የወንድሜን ደም ቀበርሽው!»

«የወንድምህ ደም የት ያለ ይመስልሃል፣ ፈንታ?» አያ ማለቱን ያን ለት ተወችው ይባላል። ልጇን ክንዱን ይዛ ፊቱ አቆመችው። «ይኸው ቆሟል። አፈር ለጠጣው ብለህ ይኼንን ታፈስብኛለህ?»

አያ ፈንታ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ያ የወንድሙ ግንባር፣ ያ የወንድሙ አቋቋም። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰደፉን የገዛ ክርኑ እጥፋት ላይ አስደገፈና ጣቱን ዘረጋ። አልደረሰም። ሳቁና ልቅሶው አንድ ላይ መጡበት።

«ለካ እኔም አልደረስኩም» አለና ጠመንጃውን ፊት ለፊት ለተቀመጡት ለገዳይ ወገን አባት ዘረጋላቸው። እሳቸውም ተቀብለው ለኩ።

«እኔም ገና ልጅ ነኝ ልጄ» አሉ፣ ሽበታቸውን እንደያዙ።

ሽማግሎቹም «ለደም የደረሰ ሰው ካገሩ ጠፋ» ብለው በዚያው ቀን አስታረቋቸው ይባላል። እንደሚነገረው ከዚያ ወዲያ ያገሩ ጠራቢ ሁሉ ዋንዛ ሳያስገባ ሰደፍ መሥራት ነውር ሆነበት።

ዛሬ የመሣሪያ ፈቃድ ከመንግሥት ነው፤ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ማኅተም ይመታበታል። የእምቧጮ በር ሰው ግን ፈቃዱን ኪሱ ከከተተም በኋላ እናቱ ደጅ ቆሞ «እማ፣ ደረስኩ?» ብሎ ሳይጠይቅ ጠመንጃ አይነካም። እናትየዋ ክንዱን ዳበስ ዳበስ ታደርገዋለች። አንዱ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው፣ አምና እናቱን እንደ ወጉ ቢጠይቃቸው ዳብሰው ዳብሰው፣

«ገና ነህ የኔ ጌታ። ግባና እራትህን ብላ» አሉት አሉ። ገብቶ በላ።