የትኛውን ጠመንጃ ይዤ ልምጣ?

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። በፊት ካገለገልኩበት ደብር የንስሐ ልጄ ነው፤ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን ለራሱ አስቀርቷል። ስለዚህ ማን ይሆን እያላችሁ አጠገባችሁ የቆመውን በክርናችሁ አትጎሽሙ።

ይህ ሰው ሁለት ጠመንጃ ነበረው። አንዱ ምንሽር፣ አንዱ ክላሽ።

ምንሽሩ የአያቱ ነው። ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ ደረሰ። ሰደፉ በስንት ሰው ትከሻ ተሽቶ ተሽቶ ጠቁሯል። ለቅሶ ሲሆን አንግቶት ይወጣል፣ ሠርግ ሲሆን አንግቶት ይወጣል። ጥይቱ ግን ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ቃታውን ቢስቡት ቀጭ ይላል፣ ሌላ ነገር የለም። ልጆቼ፣ ያ ነገር ክብር ነበር እንጂ ጠመንጃ አልነበረም።

ክላሹስ? ክላሹ ታሪክ የለውም። አዲስ ነው፤ ካዝናው ሙሉ ነው። የገዛው አንድ በሬውን ሽጦ ነው፤ በሬው ሲሸጥ ጥማዱ ፈረሰና ከዚያ ወዲህ የሚያርሰው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ሆነ። ሦስት ቀን ለጎረቤት፣ ሦስት ቀን ለራሱ።

ገበሬ በሬውን ሽጦ ብረት የሚገዛው ለምንድን ነው? ታናሽ ወንድሙ ልየው ተገድሎበት ነው። በድንበር ጠብ፣ ክንድ በማትሞላ ቦይ። ገዳዩ ደሳለው የሚባል የጎረቤት ልጅ ነው፤ እናቱ አንጓች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ደሳለው ታሰረ፣ ተፈረደበት፣ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ወጣ። መንግሥት የራሱን ጨረሰ። ደሙ ግን አልደረቀም። መቼም ታውቁታላችሁ፣ መንግሥት ሰውን ይፈታል እንጂ ደምን አይፈታም። እንግዲህ ደሳለው ሊፈታ ነው በተባለበት ሳምንት ይህ ሰው በሬውን ሸጠ።

ሽማግሌዎች ገቡ። አያ ይርዳው የሚባሉ አዛውንት መሯቸው። ሰባት ወር ሙሉ ተመላለሱ፤ ሰውየው እየሸሻቸው፣ እነሱ ደጁ ላይ እየተቀመጡ። በመጨረሻ እሺ አለ። እሺ ያለው ከልቡ ነበር፤ ይህን አትጠራጠሩብኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነው። ደም በሚደርቅበት ዕለት የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል። የሟች ወገን ደግሞ ጠመንጃውን ይዞ ይመጣና ከመስቀሉ ፊት መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ተመልሶ አያነሳውም፤ ለገዳይ ወገን ይቀራል። አያ ይርዳውም እንደ ደንቡ፣ ለእሑድ ጠመንጃህን ይዘህ ና ብለውት ሄዱ።

ደንቡ የወጣው ሰው ቢበዛ አንድ ጠመንጃ በነበረው ዘመን ነው። ይህ ሰው ሁለት አለው። የትኛውን ይዞ ይሂድ?

አትሳቁ። እስቲ በእሱ ቦታ ቁሙ። ምንሽሩን ቢወስድ የአያቱን አደራ ለወንድሙ ገዳይ አወረደ። ክላሹን ቢወስድ፣ ትናንት ከገበያ የመጣ ብረት ይዞ መጥቶ ናቀን ይሉታል። ክላሹን ሰጥቶ ምንሽሩን ቢያስቀር፣ ደሳለው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ በምን ይመክታል፣ በማይተኩሰው? ምንሽሩን ሰጥቶ ክላሹን ቢያስቀር ደግሞ... እዚህ ላይ ሐሳቡ ይቆረጥበታል። እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በሬዎቹ ትልሙን ስተው ሰው ማሳ ውስጥ ሲገቡ እንኳ አያይም ነበር።

ሚስቱን ዘርፌን ጠየቃት። ዘርፌ አላመነታችም፤ ክላሹ ይሂድ፣ በሬዬን የበላው እሱ ነው፣ እሱ ከገባ ወዲህ ቤቴ ቤት አልሆነም አለችው። አጎቱን ጠየቀ። አጎቱ ሁለቱንም አትስጥ፣ የተሰበረ አሮጌ ጠመንጃ ከሰው ተውሰህ ሂድ ብሎ መከረው። ተውሶ የሚታረቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አጎቱ ግን እየቀለደ አልነበረም። አያ ይርዳውን ጠየቀ፤ እሳቸው ልብህ ያለህን አድርግ ብለው አለፉ። ልቡማ ምን ይበል፣ ሰው የሚጠይቀው ልቡ ዝም ቢለው አይደል?

በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት እኔ ዘንድ መጣ።

"አባቴ፣ ዞሮብኛል" አለኝ። "የትኛውን ይዤ ልምጣ?"

እኔ ምን አልኩት? ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ከሰው ሁሉ የምበልጥ ብልህ የሚመስለኝ ካህን ነበርኩ። ብዙም አላሰብኩ። ለእግዚአብሔር የሚሰጠው የሚወዱት ነው፣ የምትወደውን አምጣ አልኩት። እጄን ስሞ ሄደ። እኔም በመልሴ ራሴን አደነቅኩ፤ ቅዳሜን በሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ ምንሽሩን ይዞ መጣ። ደሳለው ድንጋዩን በጫንቃው ተሸክሞ ተንበርክኳል፣ አንጓች ከኋላው በግንባሯ ተደፍታለች። ሰውየው ምንሽሩን ሳመው። መሬት አስቀመጠው። አለቀሰ። አያ ይርዳው አለቀሱ። እኔም መስቀሌን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጁ ከደሳለው ጫንቃ አነሳለት፣ ከአንድ ገበታ በሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ደም ደረቀ ተባለ።

ደርቆ ነበር ወይ?

ይህ ሚያዝያ ነው። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔ አለፈ። አንጓችን ሳያት ቤተ ክርስቲያን የምትመጣው በገደሉ ዞራ ነው። አጭሩ መንገድ በሰውየው ደጅ ያልፋል፤ እሷ ግን በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጭቃ፣ ገደሉን ትወጣለች። ደሳለውም በድንበሩ በኩል ያለውን መሬቱን ጦም አሳደረው። ሐምሌ ገብቶ ማሳው ሣር በቀለበት። እኔ ግራ ገባኝ። ታርቀው የለም እንዴ? በዓይኔ አይቼ የለም እንዴ? ምን ቀረ?

አንድ እሑድ አንጓችን አስቀርቼ ጠየቅኋት። ጠየቅኋት ስል ተቆጣኋት ማለቴ ነው። ሰውየው የአያቱን ንብረት ሰጥቷችሁ አንቺ እርቁን ትንቂያለሽ ወይ አልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም።

"አባቴ፣ የሰጠን የሚወደውን ነው" አለችኝ። "የሚገድለንን አልሰጠንም።"

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ገልጫለሁ፤ የዚያችን ሴት ያህል የተናገረኝ ሰው የለም። የምትወደውን አምጣ ያልኩትስ እኔ አይደለሁም? አፈርኩ።

ወደ ሰውየው ቤት ሄድኩ። ምንሽሩ ይሰቀልበት በነበረው ችንካር ላይ ክላሹ ተሰቅሏል። ዘይት ተቀብቷል። ካዝናው ገብቷል። ይህ ምን ይሠራልሃል አልኩት። ለጅብ ነው አለኝ። ጅብ በዱላ ይባረራል አልኩት። ለሌባ ነው አለኝ። በሬህን ሽጠህ ሌባ ምንህን ይወስዳል አልኩት። ዘርፌ ከጓዳ ሆና ሳቀች፤ እሱ ግን ወደ ክላሹ ቀና አለ። 

"እርስዎ አይደሉም የምትወደውን ያሉኝ? እኔ አልዋሸሁም አባቴ። እሱን መሬት ሳስቀምጥ አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ከልቤ ነው የታረቅሁ። ይህኛው ለምን እንደተሰቀለ ግን እኔም አላውቅም።"

እውነቱን ነበር፤ ዓይኑን አይቻለሁ። አውቆ የደበቀ ቢሆን ገሥጬው እወጣ ነበር። ግን ምን ብዬ ልገሥጸው? ሰው ከልቡ ታርቆ፣ ከልቡ አልቅሶ፣ ቤቱ ደግሞ የጎረሰ ጠመንጃ ሰቅሎ መኖር ይችላል? እስከዚያ ቀን ብትጠይቁኝ አይችልም እላችሁ ነበር። ታዲያ ምንሽሩን መልሱልኝና ይህን ልስጣችሁ ልበላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ካህን አላውቅም ሲል ለጆሮ አያምርም፤ ያን ዕለት ግን ከዚያ የተሻለ እውነት አልነበረኝም። ግራ የገባው ሰው ቤት ሄጄ ግራ ገብቶኝ ወጣሁ።

በማግስቱ የሆነውን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ክላሹን አነገተ፤ ለማንም ሳይናገር ወደ አንጓች ቤት አመራ። ሊሰጣቸው ነው። ልቡ ቀልሎታል፣ ጠባቡን መንገድ ቶሎ ቶሎ እየተራመደ ነው። አያችሁ ስሕተቱን? ጠመንጃ ሊሰጥ የሚሄድና ሊገድል የሚሄድ ሰው አካሄዳቸው አንድ ነው። እሱ የገዛ ልቡን ስለሚያውቅ ሌላውም የሚያውቅለት መሰለው።

አንጓች ደጇ ተቀምጣ በሰፌድ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ስትል አየችው። ሰፌዱን ጥላ ገባች፣ በሩ ተቀረቀረ። ደሳለው በጓሮ አጥር ዘሎ ወደ ወንዙ ሮጠ። ሰውየው ከተበተነው ምስር መካከል ብቻውን ቆመ።

ያን ጊዜ ነው የገባው። በዚህ ቤት ሰዎች ዓይን ሦስት ወር ሙሉ ማን ሆኖ እንደኖረ ያን ጊዜ ነው ያየው። ተጣርቶ እንዳይነግራቸው፣ ማን ያምነዋል? ተመልሶ እንዳይሄድ፣ ደሳለው ሊገድለኝ መጥቶ ሳያገኘኝ ተመለሰ ብሎ ለአገር ያወራል፤ የደረቀው ደም እንደገና ይፈላል። ቢቆም ክፉ፣ ቢሄድ ክፉ።

ካዝናውን አወለቀ። ጥይቱን አንድ በአንድ እያወጣ ጭቃው ላይ ጣለው። ጠመንጃውን በሩ ፊት አጋደመው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ፣ በሩን ከፍተው ቢወጡ ጠመንጃው ለእነሱ እንዲቀርብ አድርጎ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ዝናቡ መጣ። አልተነሣም። ከረፋድ እስከ ቀትር እዚያው ነበር። የዚያን ዕለት መስቀል የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ እልል የሚል ሰው የለም። አላለቀሰምም። ፈርቶ ነበር፤ ደሳለው ከወንዙ ተመልሶ ጠመንጃውን ቢያነሣው እሱ ባዶ እጁን ነው።

በሩ ተከፈተ። አንጓች ወጣች። ጠመንጃውን ዞራ አልፋ ፊቱ መጥታ ቆመች።

"ዛሬ ገና ታረቅኸን" አለችው። "ግባ፣ ዝናብ ይመታሃል።"

ክላሹን በኋላ አያ ይርዳው ወስደው ለመንግሥት አስረከቡት። የእኔ ወሬ ግን ስለ ክላሽ አይደለም።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? እኛ እኮ መስጠት እናውቅበታለን። ጧፍ እናመጣለን፣ ጃንጥላ እንሳላለን፣ እንጾማለን፣ ወድቀን እንሰግዳለን፣ እናለቅሳለን። እንባችን ውሸት ነው አልልም፤ የሰውየውም እንባ ውሸት አልነበረም። ግን ቤት የቀረው ምንድን ነው? አንቺ፣ ባልሽን ይቅር ብለሻል፤ አንድ ቃል ግን አስቀምጠሻል፣ የተጣላችሁ ቀን የምትመዢው። ለምን አስቀመጥሽው፣ ለጅብ ነው? አንተ፣ ከወንድምህ ታርቀሃል፣ ሠርጉ ላይ ቆመህ አስተናግደህለታል፤ በእሱ ላይ የቆጠርካቸውን ምስክሮች ግን እስከ ዛሬ እየጋበዝህ ታሰነብታለህ። ምን ሊሠሩልህ?

የቱን ልስጥ፣ የቱን ላስቀር ብላችሁ ልባችሁን ብትጠይቁት ልባችሁ የሚያምረውን ያሳያችኋል። የኔም ልብ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልባችሁን አትጠይቁ። በደጃችሁ ማለፍ ፈርቶ በገደል የሚዞረውን ሰው ጠይቁት። እሱ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ማን ነው በእናንተ ምክንያት በገደል የሚዞረው?

የእኔን ልንገራችሁ። ከመሪጌታ ጥበቡ ጋር ባለፈው ዓመት ስንታረቅ ሁላችሁም አይታችኋል። የአባቴን መቋሚያ ሰጠሁት፤ ከቤቴ ካለው ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ተቃቅፈን አለቀስን፣ እናንተም አለቀሳችሁ። ነገር ግን በእሱ ላይ የጻፍኩትን ክስ፣ ሰባት ገጽ፣ አልቀደድኩትም። በሳጥኔ ቆልፌበት ኖርኩ። ይላክም አላልኩ፣ ይቀደድም አላልኩ። ለምን እንዳስቀመጥኩት ብትጠይቁኝ አላውቅም። እሱ ግን መኖሩን ያውቃል፤ እኔ በዚህ በር ስገባ እሱ በዚያ በር የሚወጣው ለዚህ ነው።

ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ፤ ይኸው በእጄ ነው። መሪጌታ ያውና ቆሟል፣ ደንግጦ እያየኝ ነው፤ ምን ሊያነብብኝ ነው ብሎ ይሆናል። አላነበውም። ወርጄ በእጁ ልሰጠው ነው። ምን እንደምለው አላውቅም። እናንተ ግን ቆማችሁ አትዩኝ፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ።