«አልጨረስኩም» ያለችው አብራሪ

በቅርቡ ያገባ አንድ ወጣት፣ ሽማግሌ ሆነው ሚስቱን ከወላጆቿ ወደ ለመኑለት ወደ ጋሽ ወርቅነህ ሄዶ ስሞታ አቀረበ። ሚስቱ የሚነግራትን ሁሉ መልሳ ትደግምለታለች። እሑድ እናቴ ዘንድ እንሄዳለን ሲላት፣ «እሑድ እናትህ ዘንድ እንሄዳለን ማለት ነው» ትለዋለች። እሱም ሳትጨርስ አዎ፣ አዎ እያለ ያቋርጣታል። ትናንት ግን ተቆጣት። ከዚያ ወዲህ መድገሙንም ተወች፣ መናገሩንም ተወች። እውነቱን ለመናገር፣ ወጣቱን ከቤት ያስወጣው ይህ ዝምታ ነበር።

«ጋሼ፣ የምላትን የምትደግመው ስለማታምነኝ ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ የማማ ሰው ነበረ። ሥራው ከአውሮፕላን ማረፊያው ማማ ላይ ሆኖ ለሚነሱና ለሚያርፉ አውሮፕላኖች በሬዲዮ መንገድ መስጠት ነበር። ደግ ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ አብራሪዎቹም ይወዱታል። ከዚያ ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን በግራው ትልቅ ተራራ፣ በቀኙ ሰፊ ሜዳ አለ። ስለዚህ የሚነሳ ሁሉ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በሜዳው ላይ እየዞረ ከተራራው ጫፍ በላይ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መንገዱ የሚቀናው።

በዚያ ሥራ አንድ ደንብ አለ። አብራሪው የተነገረውን መንገድ መልሶ ይናገራል። የማማው ሰው ደግሞ ሰምቶ ትክክል ነው ይላል። የእኛ ሰው ግን ይህን ሲሰማ ብዙ ዓመት ስለኖረ፣ መስማቱን ትቶት ነበር። አብራሪው ገና አፉን ሲከፍት ትክክል ነው ይለዋል። የተናገርኩትን እኔው አውቀው የለም ወይ፣ እያለም ይስቃል።

በአንድ የክረምት ቀን፣ ለቦታው እንግዳ የሆነች አብራሪ ሰዎች አሳፍራ ለመነሳት ተዘጋጀች። ተራራው በደመና ተሸፍኗል። በዚያው ሰዓት ሌላ አውሮፕላን ለማረፍ በሜዳው በኩል እየመጣ ነበር። የማማው ሰው ሁለቱ እንዳይገናኙ ተጨነቀና፣ የምትነሳዋን ወደ ግራ እንድትታጠፍ ነገራት። ስለ አውሮፕላኖቹ ሲያስብ ተራራውን ረሳው።

እሷም መልሳ መናገር ጀመረች። እሱ እንደ ልማዱ አቋረጣት።

«ትክክል ነው እህቴ፣ ተነሺ።»

«ወንድሜ፣ አልጨረስኩም» አለችው። «ስጨርስ እነሳለሁ።»

ሰውየው አጠገቡ ወዳለው ባልደረባው ዞሮ፣ ይቺማ ጸሎቷን ልትደግምልኝ ነው ብሎ ቀለደ። ልቧ ጠርጥሮ ይሁን፣ ወይም እንዲሁ ጠባይዋ ሆኖ፣ እኔ አላውቅም። ብቻ አልተከራከረችውም። ከመጀመሪያው አንስታ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከመሬት እንደተነሳሁ ወደ ግራ እታጠፋለሁ።»

ሰውየው ሳቁን አቆመ። ግራ የሚለው ቃል በራሱ አፍ ሳለ ቃል ብቻ ነበር። በእሷ አፍ ሲሰማው ግን አውሮፕላኑ ከነሰዎቹ ሲታጠፍ ታየው። በመስኮቱ ወደ ግራ ተመለከተ። ነጭ ደመና ብቻ ነው። ከደመናው በስተኋላ ምን እንዳለ ግን እሱ ያውቃል።

«እህቴ፣ ባለሽበት ቆዪ» አላት። «ግራ ያልኩት ስህተት ነው። ወደ ግራ እንዳትታጠፊ።»

እሷ ግን አልወቀሰችውም። ባለሁበት እቆያለሁ፣ ወደ ግራ አልታጠፍም ብላ ይህንንም ደገመችለት። በዚህ ጊዜ እስክትጨርስ ጠበቃት። የሚያርፈው አውሮፕላን ካረፈ በኋላ ወደ ቀኝ መንገድ ሰጣት፤ ተነሳች፤ ሜዳው ላይ ዞራ ዞራ ከደመናውም ከተራራውም በላይ ወጣች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ለምን እንደዘገዩ እየጠየቀ ያጉረመርም ነበር ይባላል።

ጋሽ ወርቅነህ ይህን ተናግረው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ ያቺ አብራሪ የማማውን ሰው ባታምነው ኖሮ ቃሉን ባልደገመችው፤ ትታው በራሷ መንገድ በሄደች ነበር። የደገመችው ልትሄድበት ስለሆነ ነው። ሚስትህም እንደዚያው ናት። የነገርካትን ይዛ ልትነሳ ስትል፣ እንዲህ ነው ያልከኝ ብላ ታሳይሃለች። አንተ ደግሞ ሳትሰማት አዎ ትላለህ፤ ይባስ ብለህ ትቆጣታለህ። አሁን ዝም ብላ መነሳት ጀምራለች፤ አንተም ወዴት እንደምትታጠፍ አታውቅም። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት፤ ስትደግምልህም እስክትጨርስ ስማት። ያ ሰው ቢሳሳት እንኳ እሱ ማማው ላይ ቀሪ ነበር። አንተ ግን አብረሃት ተሳፍረሃል።»