ከፈረሱ የማይወርደው ባሻ

ማረሻው ነው ያጣመመብኝ ለሚል ገበሬ፣ ብዕሩ ነው ያበላሸብኝ ለሚል ጸሐፊ ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት አባባል አለች። በሁሉም አፍ ላይ ናት፤ መጀመሪያ በማን ላይ እንደተተረተች ግን የሚያነሳ የለም። በሰው ሲተርቱ ባለቤቱን መርሳት ደግ አይደለምና ልናገር፤ የተተረተችው በባሻ አንለይ ላይ ነው።

ባሻ አንለይ የዳሞት ሰው ነበር። ቁመቱ ዘለግ፣ ጢሙ ሞላ ያለ፣ በጨዋታ ማንም የማይረታው ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበረችበት፤ ፈረስ ላይ መቀመጥ ይፈራል። ይህችን ግን እንኳን ለሰው ለንስሐ አባቱም ተናግሮ አያውቅም። የባላምባራስ ደምላሽን ልጅ ወይዘሮ ስመኝን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ሰሞን፣ "በእግሬ ስኳትን ቢያዩኝ ማን ያከብረኛል?" ብሎ ገበያ ወጣና እሳት የላሰ ዳማ ፈረስ ገዛ።

ፈረሱ ክፉ አልነበረም፤ እልኸኛ ነበር እንጂ። ባሻ ደግሞ ገና ኮርቻው ላይ ሲወጣ የልጓሙን ገመድ ዛቡን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ውኃ ሊወስደው እንዳለ ሰው በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል። ፈረሱ አፉን ሲያመው ይሸሻል፤ ሲሸሽ ባሻ ይብስ ይጎትታል፤ ሲጎትተው ይብስ ይበርራል።

በአገሩ ደግሞ ወግ አለ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ከፈረስ ይወርዳሉ፤ ሽማግሌ ፊትም ይወርዳሉ። በመጀመሪያው እሑድ ባሻ ሚካኤል ደጅ ሲደርስ ሊወርድ አንድ እግሩን አነሳ። ፈረሱ ግን ከነባሻው ቅጽሩን አለፈ፣ መቃብሩን አለፈ፣ ወንዝ ሲያገኝ ቆመ። ከቅዳሴ የወጣው ሕዝብ አፉን ያዘ።

"ምነው ባሻ፣ ለታቦትም አይወርዱ?" አሉት በማግስቱ ቄሰ ገበዙ።

አቃተኝ ቢል በተገላገለ። "ስእለት አለብኝ አባቴ" አለ። ቄሰ ገበዙ ከፈረስ ላልወርድ ብሎ የተሳለ ሰው ሰምተው አያውቁምና አማትበው ሄዱ።

ባሻ ፈረሱን እያስጎተተ በቀጥታ ቀጥቃጩ አያ ወንድይፍራው ዘንድ ሄደ።

"ይህ ፈረስ አፈ ድንጋይ ነው። ጠንከር ያለ ልጓም ሥራልኝ።"

አያ ወንድይፍራው የፈረሱን ከንፈር ገለጥ አድርጎ አየ። "ድንጋይስ አይደለም ጌታዬ፤ ቆስሏል። እኔ ብሆን ብረቱን አውጥቼ ለጊዜው በለስላሳ ጠፍር ነበር የምይዘው።"

"አንተ ቀጥቃጭ ነህ ወይስ ወጌሻ? የታዘዝከውን ሥራ!"

ወፍራም ልጓም ተሠራ። በሳምንቱ ባላምባራስ ደምላሽና ሽማግሎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው የባሻን የጋብቻ ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ ባሻ ራሱ ከተፍ አለ። ሊወርድ ዛቡን ጎተተ። ፈረሱ ሽምጥ ነጠቀ፤ ማሳው ጫፍ ደርሶም ዞረና በዚያው በሽማግሎቹ ፊት ተመለሰ። ባሻ ሁለቴ ሲያልፍ ሁለቴም "እንደምን ዋላችሁ!" ብሎ ጮኸ። ሰላምታውስ አልጎደለም፤ የጎደለው መውረዱ ነው።

ባላምባራስ ደማቸው ፈላ። "ለእኔ ያልወረደ ለልጄ ምን ሊሆናት ነው? በሉ፣ እሑድ ይምጣ። ደጄ ላይ ወርዶ እጅ ቢነሳኝ ልጄን እሰጠዋለሁ፤ ካልወረደ ግን በዚያው ይለፍ!"

ባሻ ይህን ሲሰማ እህል አልዋጥለት አለ። ስመኝን ይወዳታል፤ ለይምሰል ሳይሆን ከአንጀቱ ይወዳታል። እህቱ "ታዲያ በእግርህ ሂዳ! ደግሞ ለዚህ?" ብትለው፣ "አንለይን ፈረስ አሸነፈው ልባል? ትዕቢተኛ ቢሉኝ ይሻለኛል" አለና እንደገና ወደ ቀጥቃጩ ገሠገሠ። አሁን ያዘዘው ጥርስ ያለው ልጓም ነው።

"ጌታዬ፣ ይህን የጎረሰ ተራራም ቢሆን ይጮኻል" አለ አያ ወንድይፍራው።

"ይጩህ፤ ብቻ ይቁም። እንዲያውም አብረኸኝ ትሄዳለህ፤ ቢላላ እዚያው ታጠብቅልኛለህ።"

እሑድ ዳስ ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባሻ ደጃፉ ላይ ሲደርስ "አሁን ነው!" አለና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተ። የልጓሙ ጥርስ ምላሱ ላይ ሲተከልበት ፈረሱ ወደ ፊት መሄድን እርግፍ አድርጎ ተወ። ተሽከረከረና ቂጡን ወደ በሩ አዙሮ ወደ ኋላ መሄድ ያዘ። በሩን በቂጡ ከፈተ። ግቢውን በቂጡ አቋረጠ። ዳሱንም በቂጡ ሲገባ ሽማግሎቹ ቡልኳቸውን እየሰበሰቡ ተበተኑ። ባሻ "ቁም! ቁም!" እያለ በጎተተ ቁጥር ፈረሱ እያፈገፈገ አንዱን ጋን ገለበጠው።

"ጭራሽ ጀርባውን ሰጠኝ!" አሉ ባላምባራስ፣ ጠላው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ።

ወይዘሮ ስመኝ ከጓዳ ብቅ አለች። "ዛቡን ይልቀቁት!"

"ብለቀውማ ይገድለኛል!"

"ይልቀቁት አልኩ!"

ባሻ ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። በረጅሙ ተነፈሰና ዳሱ ላይ የተሰካውን ቅጠል መቀርጠፍ ጀመረ። ባሻ ወረደና ባላምባራስ እግር ሥር ተደፋ።

"ይማሩኝ ጌታዬ። ማቆም አቅቶኝ እንጂ ንቄ አይደለም።"

ባላምባራስ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ በረድ ሲል ወደ ልጃቸው ዞረው "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት።

"እውነቱን ከተናገሩስ እሺ ብያለሁ" አለች ስመኝ። "ፈረሱን በጥሎሽ ለእኔ ያምጡት። እሳቸው በእግራቸው ይምጡ።"

ባሻ ደስታው ወሰን አጣ። ነፍሱ ስትመለስለት ግን አመሉም አብሮ ተመለሰ። ብድግ ብሎ ጣቱን ቀጥቃጩ ላይ ቀሰረ።

"ያዋረደኝ ይሄ ነው! ልጓሙን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ..."

"ምን ትመልሳለህ?" አሉት ባላምባራስ አያ ወንድይፍራውን።

አያ ወንድይፍራው ደም የነካውን ብረት ከፈረሱ አፍ ቀስ ብሎ አወጣና ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ያዘው። "እኔ ምን እመልሳለሁ ጌታዬ፤ ሰውየው እጁን ሳይገራ፣ ለፈረሱ ልጓም አሠራ።"