ከጆንያው አፍ የተዘገነ ቦሎቄ

ወገኖቼ፣ አንድ መምህር ነበር። ጥቂት ሰው ጠይቆ ስለ ብዙው እንዴት መናገር እንደሚቻል የሚያስተምር መምህር። አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ክፍል ገባ። ቀይና ነጭ ቦሎቄ ነው። ተማሪዎቹ ሳቁበት። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ከተማሪዎቹ አንዷ ምንታምር ትባላለች። ጎበዝ ናት፣ ግን ትቸኩላለች፤ እኔን ትመስላለች። ያን ሰሞን በአንዲት ቀበሌ አሥር ቤት ጠይቃ፣ ስምንቱ «የጤና ሠራተኛዋ ቤታችን መጥታ አታውቅም» ብለዋታል። እሷም «የጤና ሠራተኛዋ ዘውድነሽ ሥራዋን አልሠራችምና ትነሳ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ለወረዳው ልትሰጥ ነው። ዘውድነሽ ማለት እንግዲህ በዚያች ደመወዝ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት።

መምህሩ ምንታምርን ጠራት። «ዝገኚና ንገሪን። የትኛው ይበዛል?»

ዘገነች። «ቀዩ ነው፣ መምህር።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በእጄ ይዤው?»

«እስቲ አሁን እጅሽን እስከ ክርንሽ አስገቢው።»

አስገባች፤ ነጭ ወጣ። ደገመች፤ አሁንም ነጭ።

«ከአሥሩ ዘጠኙ ነጭ ነው፤ ቀዩን መጨረሻ ላይ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አላት። «ጆንያውን ራሴ ስለሞላሁት ስህተትሽን አሳየሁሽ። ሰው ቤት ስትሄጂ ግን ልኩን የሚነግርሽ የለም። እዚህ ተሳሳቺ ልጄ፤ እዚህ ማንም አይጎዳም።»

ይሄኔ ምንታምርን አሥሩ ቤቶች ትዝ አሏት። ሁሉም አስፋልት ዳር ነበሩ፤ ጭቃውን ፈርታ ወደ ውስጥ አልዘለቀችም። ወረቀቱን አልሰጠችም። በማግስቱ ቦቲ ጫማ ተውሳ ወደ ቀበሌዋ ተመለሰችና ወንዙን ተሻገረች። ማዶ ያሉት እናቶች ምን አሏት?

«ዘውዴን ነው? ሰኞ እኮ እዚህ ነበረች። የመንገድ ዳሮቹማ ጤና ኬላው ደጃቸው ነው። እሷ የምትደክመው ለእኛ ነው።»

ወገኖቼ፣ እናንተስ ገበያ ላይ ጤፍ ስትገዙ ከላይ አይታችሁ ትገዛላችሁ? አትገዙም፤ አውቃችኋለሁ። እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ እስከ ክርናችሁ ትገባላችሁ፣ ነጋዴው እስኪቆጣ። ታዲያ ምራታችሁንስ? ጎረቤታችሁንስ? አንድ ቀን ሰላም ሳይላችሁ ያለፈውን ሰው ስንት ዓመት «ኩራተኛ» አላችሁት? ለጤፉ እስከ ክርን፣ ለሰው በጣት ጫፍ?

እግዚአብሔር እኛን ከላይ ከላይ ዘግኖ ቢፈርድብን ማናችን እዚህ እንቀመጥ ነበር? እኔ አልቀመጥም፤ እወዳችኋለሁና እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናንተም አትቀመጡም።

ዛሬ ስትወጡ ያኮረፋችሁትን ሰው በር ላይ ታገኙታላችሁ። እጅጌያችሁን ሰብስቡ፤ ለጠብ አይደለም። «እንዴት ሰነበትክ?» በሉት፣ መልሱንም እስኪጨርስ ቆማችሁ ስሙት።