የሲሚንቶ ወረቀት የለበሱ መጻሕፍት

መምህርት ትርንጎ በጡረታ የተሰናበቱትን ርዕሰ መምህር፣ ጋሽ ደምለውን፣ ልትጠይቅ የሄደችው ተስፋ ቆርጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደፋ ቀና ብላ ለታችኛው ክፍል ልጆች አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት አደራጅታለች፤ ልጆቹ ግን ዝር አላሉም። «ጋሼ፣ የዘንድሮ ልጆች ንባብ የሚጠሉት ለምንድን ነው?» አለቻቸው። «የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ፤ አለዚያ ቁልፉን አስረክቤ ማስተማሬን ብቻ ልያዝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና እንዲህ አሏት።

አንድ ሰው ነበረ። መምህር ነው። በልጅነቱ አንዱን መጽሐፍ ለአምስት እየተጋሩ ነው የተማረው፤ ከበው ሲቀመጡ የእሱ ቦታ ከመጽሐፉ ራስጌ በኩል ስለነበረ ፊደል የለየው ተገልብጦ ነው። ካደገ በኋላ እንኳን ቀጥ ብሎ የተያዘ መጽሐፍ ለጊዜው ግራ ያጋባው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለመጽሐፍ ቢሳሳ አይፈረድበትም።

ይህ ሰው በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ቀን መቶ ሃያ የልጆች ተረት መጻሕፍት በስጦታ መጡ። ፊታቸው ላይ ዝንጀሮ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ጃንጥላ የያዘች እንቁራሪት አለች። ርዕሰ መምህሩ የድሮውን የሲሚንቶ መጋዘን ሰጠውና፣ «እስከ ሰኔ ልጆች ከገቡበት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ካልገቡበት መጻሕፍቱ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ፤ ክፍሉም ወደ መጋዘንነቱ ይመለሳል» አለው። ሰውየው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ።

ክፍሉን ጠረገ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ፣ መደርደሪያ አስመታ። ከዚያ መጻሕፍቱ እንዳይቆሽሹ ሰጋ። እኛ አገር መጽሐፍ የተሰጠው ተማሪ ሳይከፍተው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ይሸፍነዋል። እሱም እንደለመደው አደረገ። ጥግ ላይ የተከመረውን ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አራግፎ፣ ንጹሑን የውስጥ ወረቀት እየቆረጠ፣ በዱቄት ሙጫ እየለጠፈ መቶ ሃያውንም አለበሳቸው። በየጀርባቸው ቁጥር ጻፈ። ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲጨርስ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነ፤ ራቅ ብሎ አየውና ደስ አለው።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ እየተጋፉ መጡ። «የቱን ልስጣችሁ?» አላቸው። ገና ፊደል የሚቆጥር ልጅ ቁጥር ሠላሳ አራትን ምን ብሎ ይመርጣል? ጥቂት ቆመው ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ልጆች መጡ፤ በሦስተኛው ማንም አልመጣም። ሰውየው በሰልፍ ሰዓት መከረ፣ ለመነ፣ አስፈራራ። በመጨረሻ ከመምህራን ጋር ሲቀመጥ «ለአህያ ማር አይጥማትም» ይል ጀመር። ማሩን ከድኖ ያስቀመጠው ራሱ መሆኑ ግን ትዝ አላለውም።

ሚያዝያ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ጣራው አፈሰሰ። ሰውየው ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ሲከፍት ወረቀቱ ርሷል፣ ሙጫው ሟሙቷል። ካልተገፈፈ መጻሕፍቱ ሊሻግቱ ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ገፈፈ። ከዚያ ሜዳው ላይ ሰሌን አንጥፎ መጻሕፍቱን እንደ በርበሬ ለፀሐይ አሰጣቸው፤ ፍየል እንዳይበላቸውም ዱላ ይዞ አጠገባቸው ቆመ።

የእረፍት ደወል ተደወለ። ልጆቹ ከየክፍሉ ፈሰሱ። «ኧረ እዩዋት! እንቁራሪቷ ጃንጥላ ይዛለች!» አለ አንዱ። ከዚያ ሰሌኑ አልታይ አለ። ሰውየው ዱላውን ከፍ አድርጎ «አትንኩ!» ሊል አፉን ሲከፍት አንዲት ልጅ አየ። ጓደኞቿ ቀድመው ፊት ለፊቱን ስለያዙባት ከመጽሐፉ ራስጌ በኩል ተንበርክካለች። ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዳች፣ «እን… ቁ… ራ… ሪት» ትላለች።

አፉን መልሶ ዘጋ። ዱላውን መሬት ጣለና አጠገቧ ተንበረከከ። «ቀጥሎስ ምን ይላል?» አላት። እንባው መጥቶ ነበር፤ አላሳያትም።

የተገፈፈውን ወረቀት ማገዶ አደረገው። ለመጻሕፍቱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠረ፣ በልጅ ደረት ልክ፤ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርጎ ሰቀላቸው። በሰኔ ርዕሰ መምህሩ ሊያይ ሲመጣ መቆሚያ አጥቶ ከበሩ ተመለሰ። የእንቁራሪቷ መጽሐፍ በዓመቱ ሁለት ቦታ ተቀደደ፤ ሰውየው በመርፌና በክር ሰፍቶ መልሶ ሰቀለው።

ጋሽ ደምለው እዚህ ላይ ሲደርሱ ትርንጎ አላስችል አላትና፣ «እኔ እኮ ጋሼ አንዱንም መጽሐፍ አልሸፈንኩም» አለች።

«መጻሕፍቱንማ አልሸፈንሽም፤ የሸፈንሽው በሩን ነው። ዛሬ ጠዋት እኮ ላይልሽ መጥቼ ነበር፤ አንቺ ክፍል ገብተሻል። በሩ ላይ የለጠፍሽውን አነበብኩ። ማውራት ክልክል ነው። እጅ ሳይታጠቡ መግባት ክልክል ነው። ጭቃ በያዘ ጫማ መግባት ክልክል ነው። ሳያስፈቅዱ መጽሐፍ መንካት ክልክል ነው። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ግቡ የሚል አንድም የለበትም። ያ ሰው ወረቀቱን ያለበሰው ከፍቅር ነው፤ አንቺም የለጠፍሽው ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ልጆቹ ግን የሚያዩት ፍቅርሽን ሳይሆን በሩን ነው። ንባብ ይጠላሉ አልሽኝ? ማንበብማ አንብበዋል። ፊደል የለዩት አንብበው ላልለዩት ነገሯቸው፤ ከዚያ ሁሉም ተመለሱ።»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሱና ጫፉን ወደ እግራቸው ዘረጉ፤ ጫማቸው ላይ የጠዋቱ ጭቃ ደርቋል።

«አርባ ዓመት ያስተማርኩት እኔም» አሉ፣ «ስድስተኛው ላይ ስደርስ ጫማዬን አየሁ፤ የቀሩትን ቆጥሬ ሳልገባ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»