ከጉብታው ጀርባ የቀሩት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ በሬውን መሸጥ ግድ የሆነበት። ጥያቄሽን አልሸሸሁትም ትርሲት፤ ቁጭ በይና ስሚኝ። «የዓለም አቀፍ ንግድ ሕጉ የተጻፈው እኛ በሌለንበት ነው፤ ታዲያ ለሁለተኛ ዲግሪ ብዬ ዕድሜዬን ለምን ልፍጅበት? ብተወውስ?» ነው ያልሽኝ። እኔ ደግሞ ስለ በሬ እነግርሻለሁ። መሳቅ ትችያለሽ።

ገበሬው ደገኛ ነው። ዝናብ ሊጥል ደርሷል፣ ጎተራው ውስጥ ግን ለዘር የሚሆን አንድ እፍኝ የለም። ለማረሱ ከጎረቤት ጋር ያቀናጃል፤ ዘሩን ግን ከየት ያምጣ? ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ቆላ ወርዶ ካልሸጠ መሬቱ ጦሙን ሊያድር ነው።

ቆላ ያለው ገበያ ዙሪያው በእሾህ የታጠረ ነው፤ ሁለት በር አለው። የወንዝ ማዶ ቆለኞች ከብት በታችኛው በር ዝም ብሎ ይገባል። የደጋ ከብት ግን ላይኛው በር ላይ ይቆማል። «በሽታ ይኖርበታል፤ እስከ ነገ ይታይ» ይባላል። ነገ ደግሞ ገበያ የለም! ደገኛው ምን ያድርግ? ከብቱን አጥሩ ሥር ለሚያደቡ ነጋዴዎች በርካሽ ጥሎ፣ መንገዱን ሙሉ እየተራገመ ይመለሳል።

አሁን የደገኞቹን ነገር ስሚ። የገበያው ሽማግሌዎች በየገበያው ማለዳ ከአጥሩ ውጭ ባለው ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመው ሕጋቸውን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብለው ይናገራሉ። መስማት ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ደገኞቹ ግን ከብታቸውን ይዘው ከዋርካው በላይ ካለው ጉብታ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ንቅንቅ የለም። «እኛን ሳይጠይቁ ያወጡትን ሕግ ቆመን ከሰማን አሜን ማለታችን አይደል?» ይላሉ። አባቶቻቸውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ኩራት ነው፤ እኔም ደገኛ ነኝና ይገባኛል።

ይህ ገበሬ ደግሞ ነገሩን ካላወቀ እረፍት የማያገኝ ሰው ነው። ነፋሱ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ያመጣል፣ መልሶ ይወስደዋል፤ አንድ ቃል ሲሰማ ሁለት ያመልጠዋል። አላስቻለውም።

«ምንድን ነው ይህን ያህል የሚያወሩት?» አለ።

«ምን አገባህ? የነሱ ነገር ነው» አለው ጎረቤቱ።

«በሬዬን ለምን እንደሚያቆሙት እንኳ አላውቅም እኮ። አንተ ታውቃለህ?»

ጎረቤቱ «ይልቅ ተቀመጥ» ብሎ ጋቢውን ሳበው።

ገበሬው ተነሥቶ በሬውን እየጎተተ ወረደ። ከኋላው «ሄደላቸው! ሸጠን!» ሲሉ ይሰማል። ፊቱ በኀፍረት ጋለ፤ ግን አልተመለሰም። ዋርካው ሥር ቆሞ ስለ ሚዛን ሰማ፣ ስለ ጠብ ሰማ። አንዳንዱ ሕግ ለቆለኛው ያደላ ነው። በመጨረሻ ስለ ከብት በሽታ ተናገሩ። «የታመመ ከብት አይገባም። የሚያመሰኳ ከብት ጤነኛ ነው፤ ይግባ። ይህ ለሁለቱም በር ነው። ተከለከልኩ የሚል ይጠይቅ፣ ምክንያቱም ይነገረው።» ገበሬው ጆሮውን ማመን አቃተው። የአባቶቹ ከብት ሁሉ እያመሰኳ ነበር እኮ አጥሩ ሥር የቀረው!

ላይኛው በር ሲደርስ በረኛው እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። «እስከ ነገ ይታይ።»

«እያመሰኳ ነው፤ ለምን ይቆማል?»

በረኛው ግራ ገባው። በዚያ በር «ለምን» ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም። «የደጋ ከብት ሁሌም ይቆማል» አለ።

«ዋርካው ሥር እንዲህ ሲባል አልሰማሁም። ደግሞስ በታችኛው በር የሚገባውን ማን ያየዋል?»

ሽማግሌዎቹ ተጠሩ። አንዱ ታችኛው በር ድረስ ሄዶ ቢያይ ከብቱ ሳይታይ ይተማል። ምን ይበሉ? ማለዳ በገዛ አፋቸው የተናገሩት ነው፤ አገር ሰምቷቸዋል። በሬው ገባ፣ ተሸጠ፤ ገበሬውም ዘሩን ተሸክሞ ቤቱ ደረሰ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። ያደላው ሕግ እንዳለ ነው። ግን በሚቀጥለው ገበያ ገበሬው ዋርካው ሥር ቀድሞ ተገኘ፤ ሽማግሌዎቹ የሚዛኑ ነገር ላይ ሲደርሱም «እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ» አላቸው። አጠገቡ ማን እንደቆመ ታውቂያለሽ? ያ ጎረቤቱ።

እንግዲህ ትርሲት፣ አጥሩ አገሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚያጥሩት አጥር ነው። በሬው የኛ ገበሬ ወደ ውጭ የሚልከው ነገር ሁሉ ነው፤ ቡናው፣ ሥጋው፣ ቆዳው። ዋርካው ደግሞ ያ ያማረረሽ ወፍራም የንግድ ሕግ መጽሐፍ ነው። እኛ ሳንኖር መጻፉ እውነትሽን ነው፤ እኔንም ያንገበግበኛል። ግን አንብበሽ ስትጨርሺ አሜን በይ አልልሽም። «ለምን?» ብለሽ የራሳቸውን ቃል ይዘሽ ጠይቂ ነው የምልሽ። ደግሞም ያዘነበለው የቱ ጋ እንደሆነ ሳያውቁ ማቃናት የለም።

ትምህርቱን ብትተዪው አልቆጣሽም። ከጉብታው ጀርባ የሚቀበልሽ ዘመድ ሞልቷል፤ እኔም ብዙ የማውቃቸው ሰዎች እዚያ አሉ። በሬው ግን እያመሰኳ አጥሩ ሥር ቆሟል።