ወደ ቀብር የሚቸኩለው መኪና

በአንድ ወቅት፣ ውርጭ በማይለያት አንዲት ደገኛ ከተማ፣ የዕድር ንብረት የሆነ አሮጌ ፒክአፕ መኪና ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ የአባላቱን አስከሬን ከቤት አንሥቶ ቤተ ክርስቲያን ማድረስ። ይህ ሥራ ፍጥነት አይጠይቅም። ለቀስተኛው ከኋላ በእግሩ ስለሚከተል መኪናው ከሽማግሌ እርምጃ መቅደም የለበትም።

ከጊዜ በኋላ ግን የመኪናው አመል ተበላሸ። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቢያነሣም ሞተሩ መጮኹን አይተውም። ሞተር ነዳጅ ሳይሰጠው በራሱ የሚዞርበትን ልክ መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል፤ የዚህ መኪና ሚኒሞ ሰማይ ነክቷል። ዳሽቦርዱ ላይም የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት እንደበራች ቀርታለች። በአንደኛ ማርሽ ሲለቁት ይፈተለካል፤ በፍሬን ሲይዙት ይንዘፈዘፋል፤ ከላይ የተጫነው ደግሞ መንዘፍዘፍ የሚገባው አይደለም።

ጉዱ የወጣው በባሻ ይልማ ቀብር ዕለት ነው። መኪናው ባሻን ይዞ ሸመጠጠ። ካህናቱ ካባቸውን ሰብስበው ተከተሉ፣ ጥላ ያዡ ጥላውን አጥፎ ሮጠ፣ ነጠላው በየመንገዱ ወደቀ። በዚህ መሃል አንድ ሰው ሳቀ። አንዱ ከሳቀ በኋላ ማን ራሱን ይችላል? ለቅሶው ሳቅ ሆኖ አረፈው። የባሻ ልጆች ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት።

በዚያ ቀብር ከሮጡት አንዷ ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም። ብዙም ሳይቆዩ ታመው ተኙ፤ ሐኪሞቹም «ቤታቸው ይሁኑ» ብለው ሰደዷቸው። ትርጉሙ ገባቸው። ሦስት ወንዶች ልጆቻቸውን ጠርተው አልጋቸው አጠገብ አስቀመጡ።

«ሞቱንስ ችዬዋለሁ» አሉ። «መሳቂያ መሆንን ግን አልችልም። ያንን መኪና አደብ ያስገዛልኝ ልጅ፣ እሱ ይንዳኝ። የዕድሩ ሹፌር መሪውን እንዳይነካብኝ።»

የዕድሩ ዳኛ ነገሩን ሰምተው ተስማሙ። መኪና መንዳት ምን ክብር አለው የሚል ሰው ካለ እናቱን የቀበረን ሰው ይጠይቅ። ሦስቱም ልጆች መንዳት ያውቃሉ፤ ሦስቱም የእናታቸውን የመጨረሻ መንገድ ለሌላ መስጠት አልፈለጉም፣ ለወንድም እንኳ ቢሆን።

መጀመሪያ የተነሣው የበኩር ልጁ ገረመው ነው። ጋራዥ አለው፤ ችኩል ሰው አይወድም። ከእሱ በፊት የሞከሩ መካኒኮች ካቻቢቴ ይዘው ሚኒሞውን በግድ ሲያወርዱት ሞተሩ ጠዋት ጠዋት አልነሣም እያለ አስቸግሯቸው ነበር። ገረመው ካቻቢቴ አልያዘም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄ መኪና ግን አልደበቀም፤ የጠየቀው ነው የጠፋው» አለ። ሞተሩን በደንብ አሞቀ። ከኮፈኑ ሥር ያለችውን የመፈተሻ ሶኬት ከፍቶ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኘ። ከዚያ ዳሽቦርዱ ፊት ተቀምጦ የቢጫዋን መብራት ጥቅሻ መቁጠር ጀመረ፤ የድሮ መኪና በሽታውን በጥቅሻ ነው የሚናገረው። መብራቷ የከሰሰችው የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ሆነ። ገረመው መብራቷንም አላመናትም፤ ሴንሰሩን በቴስተር ለካው። ውሃው እየፈላ፣ ሴንሰሩ ውርጭ ነው ይላል።

«ሰው ዋሽቶት ነው የሚጮኸው» አለ ገረመው። «ሞቆ ሳለ ቀዝቅዘሃል ይሉታል፤ እሱም ልሙቅ ብሎ ይንደረደራል። ይሄ ሴንሰር ይቀየር።»

መቀየሩ ግን እንደ መናገሩ አልቀለለም። ሴንሰሩ በከተማው ታጣ። አዲስ አበባ ተደውሎ «ይፈለጋል፣ ጠብቁ» ተባለ። የወይዘሮ አሰገደች ትንፋሽ ደግሞ የሚጠብቅ አይመስልም።

መካከለኛው ልጅ ሽፈራው ተመሳሳይ ሞተር ያላት ፒክአፕ አለችው። የድንች ነጋዴዎችን ጭነት የሚያመላልሰው፣ ቤተሰቡንም የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። ማንም ሳይለምነው የራሱን መኪና ኮፈን ከፈተ፣ ደህናውን ሴንሰር ፈታ፣ ለዕድሩ መኪና ሰጠ። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ውሃ እንዳያፈስ የታመመውን ሴንሰር ለራሱ መኪና አሰረላት። ጎረቤቶቹ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» አሉ። እውነት ነው፤ የእሱ መኪና ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ትጮኽ ጀመር፣ ቤንዚንም እንደ ውሃ ትጨልጥ ጀመር። ነጋዴዎቹ ጥቂት ታገሡትና ሌላ መኪና ያዙ። ሚስቱ ጨነቃት።

«የራስህ ልጆችስ?» አለችው።

«እናቴ ሁለቴ አትሞትም» አላት ሽፈራው።

የሽፈራው ሴንሰር እንደገባ ቢጫዋ መብራት ጠፋች፤ ጩኸቱም በግማሽ ቀነሰ። እንግዲህ ይሞከር ተባለ። ሙከራው ባዶውን የቀብር መኪና አስቀድሞ ከኋላው መራመድ ነው። ጎረቤቱ «ሟርት ነው! ሰው ሳይሞት ማንን እንሸኛለን?» ብሎ አሻፈረኝ አለ። ወይዘሮ አሰገደች በመስኮቱ በኩል ሰሙ።

«ሟቿ እኔ! እናንተን ምን አስፈራችሁ? ተራመዱ!»

ተራመዱ። መኪናው ከግቢው በር እንዳለፈ ቀስ በቀስ ራቃቸው። ወጣቶቹ እርምጃ ጨመሩ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። እንደ ባሻ ጊዜ ሩጫ ባይሆንም ሶምሶማ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ይህን ያዩት ልጆች ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ገረመው እንደገና ፈተሸ፤ መብራቷ ከእንግዲህ የምትከሰው ነገር የላትም። የዕድሩ ዳኛ በትከሻ ይወሰዱ ቢሉም ቤተ ክርስቲያኑ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ ተሸካሚ በዳገት ሲቀባበል የሚደርሰውን መንገጫገጭ ሁሉም ያውቀዋል።

የቀረው የመጨረሻው ልጅ ቸርነት ነው። ቸርነት ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ይነፋል፣ ጎማ ይለጥፋል። ስለ ሞተር የሚያውቀው ጥቂት፣ የሚያወራው ብዙ ነው። አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ግን በጆሮው ያገኛል። የአጭር ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ ደቅኖ ሌላውን ጫፍ በሚዞረው ሞተር ዙሪያ ያንከራትተው ጀመር። ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ቀጭን ፉጨት ሰማ። እጁን አሾልኮ በረጠበ ጣቱ ደፈነው፤ ሞተሩ ወዲያው ዝቅ አለ። ያረጀ ቱቦ ተሰንጥቆ ሞተሩ በስንጥቁ አየር ሲሰርቅ ኖሯል። የጋለው ብረት ክንዱን ላጠው፤ ቸርነት ግን ከጎማ ውስጥ የሚገባውን ላስቲክ፣ የካላማዳሪ ቁራጭ እስኪያመጡለት ድረስ ጣቱን አላነሣም። ቱቦውን በካላማዳሪው ጠቅልሎ በሽቦ አጠበቀው። እውነቱን ለመናገር፣ ሞተሩ እንደ መጀመሪያው እየጮኸ ቢሆን ኖሮ ያቺን ፉጨት የቸርነትም ጆሮ አይለያትም ነበር።

ጎረቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰለፈ፤ ሟርት ያለም አልነበረም። መኪናው ሰፈሩን ሲዞር በምርኩዝ የሚሄዱት አዛውንት እንኳ ወደ ኋላ አልቀሩም። ወይዘሮ አሰገደች ተደግፈው ቀና አሉና መኪናው ከዓይናቸው እስኪሰወር ተመለከቱት። ደስታቸው ቤቱን ሞላው።

«ታዲያ የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» አለ ገረመው። «በሽታው ባይታወቅ ማን ምኑን ይቀይር ነበር?»

«በሽታ ማወቅ ብቻውን አያድንም» አለ ሽፈራው። «መድኃኒቱ የወጣው ከኔ ጉሮሮ ነው።»

«ሁለታችሁ ጨርሰናል ስትሉ እማዬ ወደ ግድግዳ ዞራ ነበር» አለ ቸርነት። «የመለስኳት እኔ ነኝ።»

እናታቸው አንዱን ካንዱ እያፈራረቁ አዩዋቸው። «አንድ መሪ ለስድስት እጅ አይሆንም» አሉ። «እስኪ ትንሽ ልረፍና እፈርዳለሁ።» አረፉ፤ ሳይፈርዱም ዐረፉ።

በቀብራቸው ዕለት ሬሳ ሣጥኑ መኪናው ላይ ተጫነ። የዕድሩ ዳኛ ጸሎት በሚደረግበት ማረፊያ ሁሉ እየተቀያየሩ ይንዱ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ገረመው «እናታችን የቅርጫ በሬ አይደለችም፣ አንከፋፈላትም» አለ። ዕጣ ይጣል ሲባል ሽፈራው «ዕጣ ለዕቁብ ነው» አለ። ታላቅ ይቅደም ሲባል ደግሞ ቸርነት መለሰ፦ «በዕድሜ ቢሆን እማዬ ማን ታላቅ እንደሆነ ጠፍቷት ነው?» ሦስቱም ያለቅሱ ነበር፤ በመካከላቸው ጥላቻ አልነበረም። አንዱ ለሌላው ቢለቅ ደስ ባለው፤ ግን ያልተገባው ሰው መሪውን ከያዘ የሚፈርሰው የእናታቸው የመጨረሻ ቃል ነው፤ ያንን ደግሞ ማንም በራሱ ላይ መውሰድ አልደፈረም።

ካህናቱ መስቀሉን አንሥተዋል። ለቀስተኛው ከኋላ ተሰልፏል። ሞተሩ በለሆሳስ ይዞራል፤ የሹፌሩ በር ተከፍቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው። የዕድሩ ዳኛ መፍረድ አቅቷቸው ወደ እናንተ ዞረዋል። እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ከሦስቱ ወንድማማቾች የቱን «ግባ» ትሉታላችሁ? በሽታውን ያወቀውን፣ የራሱን መኪና ጤና የሰጠውን፣ ወይስ የመጨረሻዋን ቀዳዳ የደፈነውን?